ነጣቂው ጠባቂ ሲሆን

በቱንድራ ምድር የሥጋ በል አራዊት ድርሻ

ተኩላ ሲባል ወደ ሐሳባችን ቀድሞ የሚመጣው መጥፎ ስሙ ነው። እረኛ ይረግመዋል፤ ሰባኪ የአስመሳይ ሰው ምሳሌ ያደርገዋል፤ እናትም የሚያለቅስ ልጅዋን ታስፈራራበታለች። ቀበሮም ብትሆን በተረታችን ውስጥ ከተንኮል በቀር ይህ ነው የሚባል ሙያ የላትም። ስለዚህ አንድ ሰው ተነሥቶ «መንጋውን የሚነጥቀው አውሬ ለመንጋው ጠባቂ ነው» ቢለን፣ በመጀመሪያ የምንጠረጥረው ሰውዬው አንድም በግ የሌለው መሆኑን ነው።

ዳሩ ግን ይህ አነጋገር የጨዋታ ቃል አይደለም። በምድር ላይ እጅግ ቀዝቃዛ ከሆኑት አገሮች በአንዱ፣ ማለት በቱንድራ፣ ሊቃውንት ባለፉት መቶ ዓመታት ደጋግመው የመረመሩትና በቍጥር ያስመሰከሩት ነገር ነው። እንዲሁም የዚህን ተቃራኒ፣ ይኸውም አውሬው በማይገባው ቦታ ሲገባ የሚያደርሰውን ጥፋት በዚያው በሰሜኑ ምድር አይተዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያስተያዩ ስለ አውሬ የሚሰጥ ፍርድ የአንድ ወገን ምስክር ብቻ ሰምቶ እንደ መፍረድ ይቈጠራል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ሁለቱንም ለአንባብያን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ጥቂት ነዋሪ ያለበት ሰፊ ምድር

ቱንድራ የሚባለው ዛፍ ከሚበቅልበት ወሰን በስተሰሜን፣ የሰሜን ዋልታን ውቅያኖስ ከብቦ የሚገኘው ገላጣ ሜዳና ኮረብታ ነው። በአላስካ፣ በሰሜን ካናዳ፣ በግሪንላንድ ዳርቻ፣ በስካንዲናቪያና በሰሜን ሩስያ ይገኛል። የላይኛው አፈር በበጋ ወራት በጥቂቱ ይሟሟል፤ ከሥሩ ያለው ግን ዓመቱን ሙሉ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነው። ስለዚህ ሥሩን ወደ ጥልቅ የሚሰድ ዛፍ አይበቅልበትም፤ የሚበቅለው ሣር፣ መሬት ለመሬት የሚሳብ ቍጥቋጦ፣ እንዲሁም ላይከን የሚባለው፣ እኛ በደጋ ዛፍ ላይ እንደ ሽበት ተንጠልጥሎ ከምናየው ወገን የሆነው ነገር ነው። የብርዱ ወራት ረጅምና ጨለማ ነው፤ በጋው ግን ከሁለት ሦስት ወር አያልፍም። በዚያች አጭር ጊዜ ሣሩ በቅሎ፣ አበባው አብቦ፣ ወፉም እንቍላሉን ጥሎ ጫጩቱን አሳድጎ መጨረስ አለበት።

ቱንድራን ለተመራማሪዎች የተመቸ ትምህርት ቤት ያደረገው የነዋሪዎቹ ጥቂትነት ነው። በሞቃት አገር ጫካ ውስጥ አንድ ዓይነት አውሬ ቢጠፋ ሌሎቹ ሥራውን ይከፋፈሉታልና ጕድለቱ ቶሎ አይታወቅም። በቱንድራ ግን ሣር የሚበላው ሁለት ሦስት ዓይነት፣ ሥጋ የሚበላውም ሦስት አራት ዓይነት ብቻ የሚሆንበት ቦታ ብዙ ነው። ከጥቂት ክር የተሠራ ሸማ አንዱ ክር ሲሳብ ሁሉም ይጨማደዳል፤ የቱ ክር እንደ ተሳበም በግልጽ ይታያል።

ተኩላ ያልነበረበት ደሴት

በአላስካና በሳይቤሪያ መካከል፣ በቤሪንግ ባሕር ላይ፣ ሴንት ማቲው የሚባል ሰው የማይኖርበት ደሴት አለ። ስፋቱ 330 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ጦር፣ መርከቦችና አውሮፕላኖች አቅጣጫቸውን የሚያውቁበትን የራዲዮ ጣቢያ በዚያ አቋቁሞ ጥቂት ወታደሮች አስቀምጦ ነበር። የስንቅ መርከብ በማዕበል ወይም በበረዶ ቢዘገይ ሰዎቹ እንዳይራቡ ታሰበና በ1944 ከኑኒቫክ ደሴት 29 ሬንዲሮች ተጭነው መጥተው ተለቀቁ። ሬንዲር የሰሜን ሰዎች እንደ ከብት የሚያረቡት፣ ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተንሰራፋ እንስሳ ነው። ከ29ኙ ውስጥ 24ቱ ሴቶች፣ 5ቱ ወንዶች ነበሩ። ጦርነቱ አበቃ፤ ወታደሮቹም ጣቢያውን ዘግተው ሄዱ፤ ሬንዲሮቹ ግን በዚያው ቀሩ።

ለእነዚህ እንስሳት ደሴቲቱ ገነት ሆነችላቸው። ከመጡ ጀምሮ ማንም ያልነካው ላይከን ምድሩን እንደ ምንጣፍ ሸፍኖት ነበር። የሚያርዳቸው ሰው የለም፤ የሚያሳድዳቸው ተኩላም የለም። ዴቪድ ክላይን የሚባል የእንስሳት ተመራማሪ በ1957 ወደ ደሴቲቱ በሄደ ጊዜ 1,350 ሬንዲሮች አገኘ። ሁሉም የሰቡ፣ ጠጕራቸው ያማረ ነበር። በ1963 ተመልሶ ቢሄድ ቍጥራቸው 6,000 ደርሷል። በየካሬ ኪሎ ሜትሩ 18 ያህል ሬንዲር ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ ግን ተመራማሪው ከቍጥሩ ይልቅ ሁለት ሌሎች ነገሮችን አተኵሮ ተመለከተ። የመጀመሪያው፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ያደጉት ሴቶች ክብደት በ38 ከመቶ፣ የወንዶቹም በ43 ከመቶ መቀነሱ ነው። ሁለተኛው፣ በብርድ ወራት ዋና ምግባቸው የነበረው ላይከን ተግጦና ተረግጦ ማለቁ ነው። ላይከን በዓመት የሚያድገው በሚሊሜትር ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ከተጠረገ በኋላ እንደ ሣር በሚቀጥለው ዝናብ አይመለስም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። ከ1963 እስከ 1964 የነበረው የብርድ ወራት እጅግ ከባድ ሆነ፤ በረዶውም በዛ። ክላይን በ1966 ሲመለስ ሜዳው በአጥንት ተሸፍኖ አገኘው። ከ6,000 ውስጥ በሕይወት የቀሩት 42 ብቻ ነበሩ፤ ከእነሱም 41ዱ ሴቶች፣ አንዱ ቀንዱ በደንብ ያልበቀለለት ወንድ ነበር። ግልገል የሚባል አልታየም። በ1980ዎቹ ዓመታት የመጨረሻዎቹም አልቀው ደሴቲቱ ያለ ሬንዲር ቀረች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባናል። በ1957 ስለዚህ መንጋ ሪፖርት እንዲጽፍ የታዘዘ ሰው ቢኖር፣ «ሥራው በመልካም ሁኔታ ይካሄዳል፤ መንጋው በ13 ዓመት ውስጥ ከአርባ እጥፍ በላይ ሆኗል» ብሎ በሙሉ ልብ በፈረመ ነበር። ቍጥሩም እውነት ነው። ነገር ግን ቍጥሩ እያደገ የሚሄደው የነገውን ምግብ ዛሬ እየበላ እንደ ነበረ መዝገቡ አይናገርም።

በእርግጥ ጥፋቱን በሙሉ ለተኩላ አለመኖር ብቻ መስጠት አይገባም። የምግቡ ማለቅና የዚያ ዓመት ብርድ ተባብረው ነው መንጋውን የፈጁት። በዋናው ምድር ላይ ተኩላ ባለበት አገርም ቢሆን፣ ካሪቡ የሚባለው የዱር ሬንዲር ቍጥሩ በአየሩና በግጦሹ ምክንያት ይወጣል፣ ይወርዳል። ነገር ግን ያለ ከልካይ የተነሣ መንጋ እንዴት ቶሎ እንደሚወጣና ከምን ያህል ከፍታ እንደሚወድቅ የሴንት ማቲውን ያህል አጕልቶ ያሳየ ቦታ ጥቂት ነው።

በራስ ቅል የተጻፈ ምስክርነት

ታዲያ ተኩላ ባለበት ቦታ የሚሆነው ምንድን ነው? ለዚህ መልስ ለማግኘት በአላስካ ወደ ማኪንሊ ተራራ እንሻገር። ዛሬ ደናሊ በሚባለው በዚያ የዱር አራዊት ጥብቅ ምድር ዳል የሚባሉ ነጫጭ የተራራ በጎች ይኖራሉ። ከ1930ዎቹ መጀመሪያ ከባድ ክረምት በኋላ የበጎቹ ቍጥር አንሶ ስለ ተገኘ ጣት ሁሉ ወደ ተኩላ ተቀሰረ። በአላስካ ከ1915 ጀምሮ ተኩላ ለገደለ ሰው ከመንግሥት ገንዘብ ይከፈል ነበርና፣ «በጥብቁ ምድርም ውስጥ ይገደል» የሚለው ጩኸት በረታ።

የምድሩ አስተዳዳሪዎች ግን ወዲያው ጠመንጃ አላነሡም፤ አንድ ተመራማሪ ላኩ። አዶልፍ ሚዩሪ ይባላል። ሥራውን በ1939 ጀምሮ እስከ 1941 ድረስ፣ በእግሩ ኮረብታ ለኮረብታ እየዞረ፣ በተኩላ ጕድጓድ አጠገብ ሌሊትና ቀን እየተቀመጠ፣ የተኩላ ኵስ እየበተነ ምን እንደ በሉ መረመረ። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው ግን 829 የበግ ራስ ቅሎች መሰብሰቡ ነው። የዳል በግ ቀንድ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ስለሚያወጣ ዕድሜው ይቈጠርበታል፤ ከጥርሱና ከመንጋጋው ደግሞ ታሞ የነበረ መሆኑ ይታወቃል።

ቅሎቹ የመሰከሩት ነገር ግልጽ ነበር። ከሞቱት በጎች የሚበዙት ወይ ያረጁ፣ ወይ ገና ዓመት ሁለት ዓመት ያልሞላቸው፣ ወይም ጥርሳቸውና መንጋጋቸው በበሽታ የተጎዳ ነበሩ። በጕልማሳነት ዕድሜ ያለ ጤነኛ በግ ከመካከላቸው ጥቂት ነው። ካሪቡን በሚያሳድድበትም ጊዜ ተኩላው መንጋውን አስሩጦ ወደ ኋላ የሚቀረውን ለይቶ እንደሚይዝ ሚዩሪ ተመልክቷል። ገደላ ገደሉን እየዘለለ የሚያመልጠውን ጠንካራ በግ ማሳደድ ለተኩላውም ድካም ነውና፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ማምለጥ የማይችለውን ነው። ይህን ሁሉ በ1944 «የማኪንሊ ተራራ ተኩላዎች» በሚል ስም ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ። መጽሐፉ የታተመበት ዓመት 29ኙ ሬንዲሮች ወደ ሴንት ማቲው የተጫኑበት ዓመት መሆኑ የሚገርም ነው።

ተኩላው ጥሎት የሚሄደው ትራፊም ለብዙዎች ማዕድ ነው። ቍራው፣ ቀበሮው፣ ዎልቨሪን የሚባለው ብርቱ አውሬ ሁሉ ከዚያ ይቀምሳል። የቀረው ደግሞ በስብሶ፣ ማዳበሪያ ለሚያንሰው ለዚያ ደሃ አፈር ምግብ ይሆናል።

ትንሺቱ ሌሚንግና አራት ባላንጣዎችዋ

ስለ ቱንድራ ሥጋ በል ሲነገር ግን ተኩላ ብቻውን አይበቃም። በብዙ ቦታ ምድሩን የሚያንቀሳቅሰው ትልቁ እንስሳ ሳይሆን ሌሚንግ የምትባል፣ በመዳፍ ውስጥ የምትያዝ፣ ጅራተ አጭር አይጥ መሳይ ፍጥረት ናት። በብርዱ ወራት አትተኛም፤ ከበረዶው በታች ዋሻ እየሠራች ሣርና ቅጠል ትበላለች፤ እዚያው ትወልዳለች። ዘመኑ ሲቀናት ምድሩ በሌሚንግ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ እንዳልነበረች ትሆናለች።

ስለዚህ መጥፋትዋ ብዙ ተረት ተነግሯል። ከሁሉ የታወቀው ሌሚንጎች ተሰብስበው ከገደል ወደ ባሕር እየዘለሉ ራሳቸውን ይገድላሉ የሚለው ነው። ይህን ተረት በዓለም የነዛው በ1958 የወጣ የዋልት ዲስኒ ፊልም ነበር። ነገር ግን ትዕይንቱ በካሜራ ሠሪዎቹ የተሰናዳ፣ እንስሳቱም ከሌላ ቦታ ተገዝተው የመጡ መሆናቸውን የካናዳ ቴሌቪዥን በ1982 ገለጠ። ሌሚንግ ራስዋን አትገድልም፤ ገዳዮችዋ ሌሎች ናቸው።

እንግሊዛዊው ቻርልስ ኤልተን በ1924 ባወጣው ጽሑፍ የእነዚህ እንስሳት ቍጥር በየጥቂት ዓመቱ በተራ እንደሚወጣና እንደሚወርድ አሳየ። ኋላም የሐድሰን ቤይ ኩባንያ ለንግድ ሲል ያስቀመጠውን የቆዳ ሒሳብ መዝገብ መረመረ። ነጋዴው ለትርፉ የጻፈው መዝገብ ለሳይንስ ምስክር ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ምክንያቱን በጥራት ለማወቅ ግን ብዙ ዓመት ጠየቀ። በሰሜን ምሥራቅ ግሪንላንድ በትሬል ደሴት ላይ ከ1988 ጀምሮ በየበጋው የሌሚንግ ቤቶች ይቈጠሩ ነበር። ኦሊቪዬ ዢልግ፣ ኢልካ ሐንስኪና ቤኖዋ ሲትለር የዚያን ቈጠራ ውጤት በ2003 አሳተሙ። በዚያ ቦታ አንዲት ሌሚንግና አራት ጠላቶችዋ ብቻ አሉ፤ የዋልታ ቀበሮ፣ የበረዶ ጕጕት፣ ስኩዋ የሚባለው ጅራተ ረጅም የባሕር ወፍ፣ እንዲሁም ሙጭልጭላን የምትመስለው ቀጭንዋ ስቶት።

አራቱ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም። ጕጕትና ስኩዋ እንግዶች ናቸው፤ ስኩዋ የብርዱን ወራት በደቡብ ውቅያኖስ አሳልፎ ይመጣል። ሌሚንግ ከበዛ ይሰፍራሉ፣ ይወልዳሉ፤ ካነሰ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ፣ ወይም እንቍላል ሳይጥሉ ይመለሳሉ። ቀበሮም ሌሚንግ ሲያንስባት ወደ ወፍ እንቍላልና ወደ በድን ትዞራለች። ስለዚህ እነዚህ ሦስቱ ሌሚንግ ሲበዛ ወዲያው እየተሰበሰቡ ይበሉታል፤ ሲያንስም ፋታ ይሰጡታል። ስቶት ግን ሌላ ናት። ከሌሚንግ በቀር ይህ ነው የሚባል ምግብ የላትም፤ ሰውነትዋ ቀጭን ስለሆነ በበረዶው ሥር ዋሻ ለዋሻ ተከትላ ትገባለች። የምትበዛው ከሌሚንግ አንድ ዓመት ዘግይታ ነው። ስለዚህ ሌሚንግ ከበዛ በኋላ ባለው ዓመት ስቶት በዝታ ትደርስና ትፈጀዋለች፤ ከዚያም ራስዋ ተርባ ትመነምናለች፤ ሌሚንግም እንደ ገና ይነሣል። ይህ ዑደት በአራት ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ይዞር ነበር።

«ነበር» ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2000 ወዲህ በዚያ ቦታ የሌሚንግ ብዛት እንደ ቀድሞው መነሣቱ ቀርቷል። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን የሚያዩት በአየሩ መሞቅ ነው፤ በረዶው ዘግይቶ ይጥላል፣ ቀድሞም ይቀልጣል፤ ቀልጦ እንደ ገና ሲረጋ ደግሞ ለሌሚንግ ብርድ ልብስ የነበረው እንደ ብረት ይጠነክርባታል። ሌሚንግ ሲታጣ የበረዶ ጕጕት በዚያ መውለድ አቆመ ለማለት ይቻላል፤ ስቶትና ቀበሮም ተቸገሩ። ከዚህ የምንማረው አውሬው የምድሩ ንጉሥ አለመሆኑን ነው። እሱም ራሱ በሥሩ ባለው ነገር ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር ነው።

ያችው ቀበሮ በሁለት ቦታ

አሁን ወደ ጽሑፋችን ዋና ነገር እንመጣለን። ከአራቱ አንዷ የሆነችውን የዋልታ ቀበሮ በሁለት ልዩ ልዩ ቦታ እንመልከታት።

በካናዳ በሐድሰን ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ በቸርችል ከተማ አቅራቢያ፣ የቀበሮ ጕድጓድ ከሩቅ ይለያል፤ ምድሩ ግራጫ ሆኖ ሳለ በጕድጓዱ ላይ ለምለም ሣር ይታያል። ቀበሮ ለብዙ ትውልድ በአንድ ጕድጓድ ስለምትኖር ትራፊዋ፣ ኵስዋና ሽንትዋ አፈሩን ያዳብረዋል። በ2016 የታተመ ጥናት እንዳስረዳው በበጋው መጨረሻ ጕድጓዱ ላይ የሚገኘው ዕፅ በአካባቢው ካለው ሦስት እጥፍ ያህል ነው። በተወለደችበት ምድር ቀበሮ አትክልተኛ ናት ማለት ነው።

ይህችኑ ቀበሮ ከቤሪንግ ባሕር በስተደቡብ ወደ ተዘረጉት ወደ አሊውሽያን ደሴቶች እንከተላት። በብዙዎቹ በእነዚህ ደሴቶች ላይ በእግሩ የሚሄድ ሥጋ በል አውሬ ከቶ አልነበረም። ስለዚህ በሚሊዮን የሚቈጠሩ የባሕር ወፎች ያለ ሥጋት በመሬት ላይና በጕድጓድ ውስጥ እንቍላላቸውን ይጥሉ ነበር። ከ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ የሩስያ የቆዳ ነጋዴዎች፣ ከእነሱም በኋላ አሜሪካኖች፣ ቆዳዋን ለመሸጥ ሲሉ ቀበሮ እያመጡ በየደሴቱ ለቀቁ። አጥር አያስፈልግም፣ ባሕሩ አጥር ነው፤ ምግብ መስጠትም አያስፈልግም፣ ወፉ ምግብ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ለጥቂት ዘመን ትርፍ ተብሎ ትልቅ ዕዳ ተገባ።

ዶናልድ ክሮልና ጓደኞቹ በ2005 ባሳተሙት ጥናት ቀበሮ የገባባቸውን ዘጠኝ ደሴቶች፣ ካልገባባቸው ዘጠኝ ደሴቶች ጋር አስተያዩ። ቀበሮ ባልገባበት ደሴት ላይ ረጅም ሣር እንደ ስንዴ ማሳ ይወዛወዛል፤ ቀበሮ በገባበት ላይ ግን ሣሩ ጠፍቶ መሬት ለመሬት የሚሳብ ቍጥቋጦ ወርሶታል። ሣር የነበረው ምድር ቱንድራ ሆኗል።

ቀበሮ ሣር አትበላም፤ ታዲያ ሣሩን ምን አጠፋው? ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ሥሩን እንመልከት። የባሕር ወፍ ዓሣውን የሚበላው በውቅያኖስ፣ ኵሱን የሚጥለው ግን በደሴቱ ላይ ነው። ስለዚህ ሳያውቀው የባሕሩን ሀብት ወደ የብስ የሚያመላልስ ተሸካሚ ነበር። ቀበሮ ወፉንና እንቍላሉን ስትጨርስ ተሸካሚው ቀረ፤ አፈሩ ደኸየ፤ ብዙ ምግብ የሚፈልገው ሣርም ለቍጥቋጦው ቦታውን ለቀቀ። ተመራማሪዎቹ ይህን ለማረጋገጥ ቀበሮ ባለበት ደሴት ላይ ማዳበሪያ እየበተኑ ለሦስት ዓመት ቢጠባበቁ ሣሩ ተመልሶ በቀለ።

ደግነቱ ይህ ታሪክ በጥፋት አላበቃም። የአሊውሽያን ዝይ የሚባለው ወፍ ጨርሶ ጠፍቷል ተብሎ ሲታመን፣ ሮበርት ጆንስ የሚባል የዱር አራዊት ባለሥልጣን በ1962 በትንሽ ጀልባ ማዕበል አቋርጦ ቡልዲር ወደሚባለው ደሴት ደረሰና ጥቂት ዝዮች አገኘ። ቡልዲር ነጋዴዎች ቀበሮ ያልለቀቁበት ደሴት ነበር። ጆንስ ከዚያ አስቀድሞ በ1949 ከሌላ ደሴት ላይ ቀበሮ የማስወገድ ሥራ ጀምሮ ነበርና፣ ሥራው በሌሎቹም ደሴቶች ቀጠለ፤ ዝዮችም ወደ ጸዱት ደሴቶች እየተወሰዱ ተለቀቁ፤ አደኑም ተከለከለ። በ1975 ከ800 ያንሱ የነበሩት ዝዮች በሺህ የሚቈጠሩ ሆኑ፤ በ2001 ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት መዝገብ ስማቸው ተሰረዘ።

ሦስት ውሳኔዎች

እንግዲህ አንባቢ ይጠይቅ ይሆናል። ተኩላ በመጥፋቱ ያዘናችሁ፣ ቀበሮ በመወገዱ የተደሰታችሁ እንዴት ነው? ይህ እርስ በርሱ አይቃረንም ወይ?

አይቃረንም። ሥጋ በል አውሬ በተፈጥሮው ጠባቂም አጥፊም አይደለም። ከሚበላው እንስሳ ጋር ለብዙ ሺህ ዘመን አብሮ በኖረበት ቦታ፣ የሚበላው ማምለጥን፣ የሚያሳድደውም መያዝን እኩል ተምረዋል፤ ሣሩም በሁለቱ መካከል ተርፎ ይኖራል። የዳል በግ ገደል መውጣት የለመደው ተኩላ ስላለ ነው። በመሬት ላይ እንቍላሉን ጥሎ የሚቀመጠው የአሊውሽያን ወፍ ግን ቀበሮ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም ነበርና መሸሻ አልነበረውም። አውሬውን ጠባቂ የሚያደርገው ቦታውና የኖረበት ዘመን ነው።

ይህ ለእኛም ሩቅ ወሬ አይደለም። በባሌ ተራሮች ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ በሚሆነው በሳነቴ አምባ፣ ዛፍ የሌለው ቀዝቃዛ ምድር አለን። ቱንድራ አይባልም፤ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ነገር ግን ፍልፈልና አይጥ ሣሩን ሲበሉ፣ ቀይ ቀበሮ ደግሞ እነሱን እያደነ የሚኖርበት በመሆኑ ከግሪንላንዱ ሜዳ ጋር በብዙ ይመሳሰላል። ቀይ ቀበሮ ብለን ብንጠራውም የዘር ምርመራ የሰሜኑ ተኩላ የቅርብ ዘመድ መሆኑን አስረድቷል። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር አይገኝም፤ ያደጉት ቍጥራቸው 500 አይሞላም፤ ከእነሱም ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ናቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 ብዙዎቹን የፈጃቸው ከሰው ጋር ወደ ተራራው የወጣው ውሻ ያመጣው የእብደት በሽታ ነው። በአሊውሽያን እንደ ሆነው ሁሉ በዚህም ሰው ያስገባው እንግዳ የአገሩን ነዋሪ ጎዳ።

ወደ መጀመሪያው ነገራችን እንመለስና ሦስቱን ውሳኔዎች እናስተያይ። ሬንዲር ወደ ሴንት ማቲው የተወሰደው ወታደር እንዳይራብ ነበር። ቀበሮ ወደ አሊውሽያን የተወሰደችው ገቢ እንዲገኝ ነበር። ለተገደለ ተኩላ ገንዘብ የተከፈለው መንጋው እንዲበዛ ነበር። ሦስቱንም ያዘዙት ሰዎች ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ዓላማቸውም ለወረቀት የማያሳፍር ነው። የጎደላቸው አንድ ነገር፣ ሚዩሪ እንዳደረገው፣ አስቀድሞ ሄዶ ማየት ነው። በእግር መዞርና 829 የራስ ቅል መቍጠር ብዙ ገንዘብ አልፈጀም። በአንድ የመርከብ ጭነት የተለቀቀ ቀበሮ ግን ያደረሰውን ጥፋት ለመጠገን ከሃምሳ ዓመት በላይ ጠይቋል፤ የሴንት ማቲውም ሬንዲሮች ከእንግዲህ አይመለሱም።

ዛሬ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ የተቀመጡት፣ እንዲሁም በየመሥሪያ ቤቱ ገና ብዕር ማንሣት የጀመሩት ወጣቶቻችን፣ ነገ ስለ ደን፣ ስለ ወንዝ፣ ስለ ዱር አራዊት ውሳኔ የሚጽፉት እነሱ ናቸው። «ይህ አውሬ ጎጂ ነውና ይጥፋ»፣ ወይም «ይህ እንስሳ ጠቃሚ ነውና ይግባ» የሚል ወረቀት በፊታቸው በሚቀርብበት ቀን፣ ከፊርማቸው በፊት የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። ማን ሄዶ አየው? ስንት ጊዜ ቈጠረው? የሚበላውስ ምንድን ነው? ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ለቄስ ተማሪ ብቻ አልነበረም።